ጋዙ ነው የሚሄደው ወይስ እኛ?

እናቴ ሰው ስትጠራ ልክ የላትም። የዶክትሬት ጥናቴን የምከላከልበት ቀን መቆረጡን የነገርኳት በሳምንቱ መሀል ነው፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ያልሰማ ሰው አልነበረም። "እንኳን ደስ ያለሽ! ኮከብ እንዴት እንደሚወለድ ደረስሽበት አሉ እኮ!" ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ። ከእናቴ ጋር ማኅበር የሚጠጡ አንዲት ሴትዮ እጄን ጨብጠው፣ "ለመሆኑ እንዴት ነው የሚወለደው?" ብለው ጠየቁኝና መልሱን ሳይጠብቁ ዕልልታቸውን አቀለጡት።

እናቴን ጥግ አስይዤ፣ "እማዬ፣ እኔ መቼ ነው ደረስኩበት ያልኩሽ? አንድ ደመና ውስጥ ጋዝ ወዴት እንደሚሄድ ነው ያየሁት" አልኳት።

"ያው ነው" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች።

ያው አይደለም! ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ሊመልሰው። እውነቱን ለመናገር ያኔ ብዙም አልከፋኝም። ጽሑፌን አስገብቼ፣ ኮሚቴው አንብቦ ለመከላከል ይበቃል ብሎ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ጠግቤ የተነሳሁበት ሰሞን ነበር። ትጥራ አልኩ። ደስ ይበላት። እኔን በእጇ ይዛ እዚህ ኖርዌይ ስትገባ አንድ ቃል ቋንቋቸውን አታውቅም ነበር፤ አሁንም የምታውቀው ለሥራዋ የሚበቃትን ያህል ነው። ትቬይታ ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ኮሙን የሚሉት ማዘጋጃ ቤት፣ ሐኪም ዘንድ፣ የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ፣ የትም ስንሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አስተማሪዬ ስለኔ ጠባይ ለእናቴ የተናገረችውን ሁሉ ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። ትርጉሙ አንዳንዴ ያጥር ነበር።

እዚህ አገር ይህ የመጨረሻ ፈተና በር ተዘግቶ አይደለም የሚካሄደው። ዲስፑታስ ይሉታል። በሩ ክፍት ነው፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ገብቶ ቢቀመጥ የሚከለክለው የለም። ተቃዋሚ የሚባሉ ሁለት ምሁራን ከሌላ ቦታ ተጠርተው ይመጡና ሰው ፊት አቁመው ይሞግቱሃል። እነሱ ከመጨረሳቸው በፊት ደግሞ ሥነ ሥርዓቱን የሚመራው ሰው ወደ ታዳሚው ዞሮ፣ "ከአዳራሹ መቃወም የሚፈልግ ካለ በእረፍቱ ሰዓት ያሳውቀኝ" ይላል። የጥንት ልማድ ነው። እኔ በተገኘሁባቸው ሁሉ አንድም ሰው ተነስቶ አያውቅም፤ ሁሉም ኬኩን ነው የሚጠብቀው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት በጣም ደስ አላት። "አሃ፣ ልክ በጋብቻ ላይ ‹የሚቃወም ካለ ይናገር› እንደሚባለው ነዋ!" አለች።

"አዎ፣ እንደዚያ በይው።"

"ማን ይሆን አንቺን የሚቃወም? እስቲ ይሞክራት!"

ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ያውም የነቢያት ጾም የገባ ሰሞን። እናቴ በዚህ ረገድ ከማንም ጋር አትደራደርም። ሌላው ሰው ከዲስፑታሱ በኋላ ሳልሞንና የቅቤ ኬክ ያቀርባል፤ የኔ እንግዶች ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት እንደሚበሉ ቀኑ በተቆረጠ ዕለት ተወሰነ። ባዶ የአይስክሬም እቃዎቿን ከየጓዳው አውጥታ መደርደር ጀመረች። እናቴ የአይስክሬም እቃ አትጥልም፤ እኛ ቤት ፍሪዘር ውስጥ አይስክሬም ተጽፎበት አይስክሬም ያለበት እቃ አይቼ አላውቅም።

ስለ ደመናው ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ዝናብ የሚያዘንበው ደመና አይደለም። በከዋክብት መሀል የተንጣለለ፣ ጥቁር፣ የትኛውም የኦስሎ ክረምት የማይደርስበት ብርድ ያለው የጋዝ ክምችት ነው። ትልቅነቱን ለመገመት፣ ብርሃን በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ እስኪወጣ የሰው ዕድሜ አይበቃም። ግዙፍ ሞለኪውላዊ ደመና ይባላል። ከዋክብት የሚወለዱት እንዲህ ያለ ቦታ ነው፣ ፀሐያችንም ሳትቀር። ጋዙ ታዲያ ዝም ብሎ የተኛ እንዳይመስላችሁ። ይታመሳል። የራሱ ስበት ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ትርምሱ ደግሞ ይበትነዋል። ትርምሱ ባይኖር ደመናው ባንዴ ተደርምሶ ኮከብ ሆኖ ባለቀ፤ ስበቱ ባይኖር እንደ ጉም ተበትኖ በቀረ። ኮከብ የሚወለደው የሁለቱ ግብግብ አንድ ቦታ ላይ በስበቱ አሸናፊነት ሲያልቅ ነው። በኛ ሙያ ሰዉ ተቧድኖ የሚጨቃጨቀውም በዚሁ ነው፤ ደመናው በጠቅላላው ወደ ውስጥ እየወደቀ ነው ወይስ እዚያው እየታመሰ? እኔ "እየወደቀ ነው" ባይ ነኝ። ስጨቃጨቅ ድምፄ ከፍ ይላል። ኖርዌጂያኖቹ መጀመሪያ ላይ ይደነግጡ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል።

የኔ ደመና ውስጥ ረጅም የጋዝ ክር አለ። ክሩ ጥቅጥቅ ያለ እምብርት ውስጥ ይገባል፣ እምብርቱ ውስጥ ደግሞ ገና ያልተገለጡ ጨቅላ ከዋክብት አሉ። አየሁ ያልኩት፣ ጋዙ በክሩ ላይ እየፈሰሰ ወደ እምብርቱ እንደሚሄድና እዚያ ሊደርስ ሲል እንደሚፈጥን ነው። ከዋክብቱ የሚያድጉት በሱ ነው፤ ፍሰቱ ከሌለ ምግብ የላቸውም። ይህ እንዴት ይታወቃል? ጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሬዲዮ ሞገድ አንድ የታወቀ ድምፅ ያሰማል ብንል ነው። አምቡላንስ ወዳንተ ሲመጣ ጩኸቱ ቀጠን፣ አልፎህ ሲሄድ ወፈር እንደሚለው፣ ጋዙም ወደኛ ሲመጣ ይቀጥናል፣ ከኛ ሲርቅ ይወፍራል። ፍጥነቱን የምናውቀው በዚያ ነው። ከውጭ ሲታይ ትልቅ ሳይንስ ይመስላል እንጂ ሙሉ ቀን የምውለው ቀጠነ፣ ወፈረ ስል ነው።

አንድ ጣጣ ግን አለ። ቴሌስኮፑ የተተከለው ምድር ላይ ነው፣ ምድር ደግሞ ፀሐይን ስትዞር ትከንፋለች እንጂ አትቆምም። ወደ ደመናው ያለን ፍጥነት ዛሬና ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ አይደለም። ስለዚህ በየዕለቱ የራሳችንን ሩጫ አስልተን እንቀንስና የተረፈው የጋዙ ነው እንላለን። ይህን የቴሌስኮፑ ማሽን ራሱ ይሠራዋል። ማንም አያስበውም፣ ከቤት ሲወጡ ጫማ እንደማድረግ ነው።

ዲስፑታሱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሥራ ባልደረቦቼ ልምምድ አቀረብኩ። ከሰሜን ኖርዌይ የመጣ አንድ ወጣት ተመራማሪ አለ፤ ዝምተኛ ነው፣ በስብሰባ ላይ አለመተኛቱን የምናውቀው ዓይኑ ስለተገለጠ ብቻ ነው። ጨርሼ ሲጨበጨብ እጁን አነሳ።

"የደመናው ካርታሽ የተነሳው በአንድ ጊዜ ነው?"

"ናይ፣ አይደለም፣ በሁለት። መጀመሪያ ምዕራቡ ተነሳ፣ ከዚያ ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ ቴሌስኮፑ ለቀናት ቆመ፣ ምሥራቁ የተነሳው ከነፋሱ በኋላ ነው።"

"ሁለቱ የተሰፉት የት ላይ ነው?"

በጣቴ አሳየሁት። ጣቴ ያረፈው ጋዙ የሚፈጥንበት ቦታ ላይ ነበር። እዚያው ላይ፣ ዝንፍ ሳይል።

"ከነፋሱ በኋላ ማሽኑ የምድርን ፍጥነት እንደገና አስልቷል?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እንዴ! ያሰላል እንጂ!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

እንዴት ተናደድኩ! የተናደድኩት ግን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው። ማሽኑ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ የምድርን ሩጫ ያለማቋረጥ እያሰላ ይከተላል፤ ሌላው መጀመሪያ ላይ አንዴ አስልቶ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይቀራል። ሥራ ሲቋረጥና ሲጀመር አንዳንዴ ሰው የድሮውን ቁጥር መቀየር ይረሳል፣ በሙያችን የታወቀ ስህተት ነው። ተረስቶ ከሆነ የካርታዬ ምሥራቅ ግማሽ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሸርተት ብሏል ማለት ነው፤ ጋዙ እዚያ ሲደርስ የፈጠነ ይመስላል። በነዚያ ቀናት ምድር ፍጥነቷን በምን ያህል እንደቀየረች ሰሌዳው ላይ አሰላሁት። ከኔ ፍሰት ጋር እኩል መጣ። ወይ ጉድ! ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንዲህ ከሆነ ምንም የሚፈስ ጋዝ የለም። ለካ የሄድነው እኛ ነን።

ሁለቱ ግማሾች ጠርዛቸው ላይ ቢደራረቡ ኖሮ ያንኑ ጋዝ ሁለቴ አይቼ ባመሳከርኩ ነበር። የተሰጠን የቴሌስኮፕ ጊዜ አጭር ስለነበር ምንም አልተደራረበም፤ ጫፍና ጫፍ አጋጥሜ ነው የሰፋሁት። ቴሌስኮፑ ያለበት ቦታ ደወልኩ። ያኔ የሠራው ሰው ሥራ ለቋል፣ ስልኩን ያነሳው ሰው ደግሞ በትሕትና "አስልቷል ብዬ አስባለሁ" አለኝ። ብዬ አስባለሁ! በ"አስባለሁ" ሰው ፊት ይቆማል?

የምድር ባቡሩን ቲባነን ይዤ ፉሩሴት ያለው ቤታችን ስገባ እናቴ ለዲስፑታሱ የምለብሰውን ቀሚስ ልትለካኝ ተዘጋጅታ፣ አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ነክሳ ትጠብቀኛለች። ኩሽናው መሀል አቆመችኝ። ጎኔ ላይ ሰብሰብ፣ ትከሻዬ ላይ ቀነስ ታደርጋለች። ዝም ብዬ ልቆም አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

"እማዬ፣ ሰዎቹን አትጥሪ።"

"ተጠርተው አለቁ እኮ" አለች በጥርሶቿ መሀል።

"በያቸው! ቀርቷል በያቸው!"

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?"

"ጋዙ አይደለም የሚሄደው! እኛ ነን የምንሄደው! እኛ!" ብዬ ጮህኩ፣ ከዚያ ሆዬ ለቅሶ። ቀሚሱ ሙሉ መርፌ ስለነበር መታቀፍም አይቻልም። እናቴ መርፌዎቹን ካፏ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እኛ ደግሞ የት ነው የምንሄደው? ሽሮው ተቀምሟል" አለች።

ላስረዳት ሞከርኩ፤ ምድር፣ ነፋስ፣ ስፌት፣ ቁጥር። እኔ ራሴ ያልኩትን አልሰማሁትም። እናቴ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "ሁለት ጨርቅ ሲጋጠም ትርፍ ሳይተዉለት ይሰፋል እንዴ?" አለችና መርፌዋን መልሳ ነከሰች። በዚያ ሰዓት እንደሱ ያለ አስተያየት አያስፈልገኝም ነበር፣ ነግሬያታለሁም።

በማግስቱ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩ። ጡረታ ልትወጣ የደረሰች ሴት ናት፤ እንደ ብዙዎቹ የእድሜ እኩዮቿ ስብሰባ ላይ ሹራብ ትሠራለች። ስነግራት ሹራቧን አላቆመችም። ከዚያ "የአየሩ መስመርስ?" አለችኝ።

የአየሩ መስመር! ጭንቅላቴን ያዝኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የምንከታተለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከራሳችን አናት በላይ፣ የአየራችን ጣሪያ አካባቢም በጥቂቱ አለ። እሱም ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ ከደመናው በመጣው ምልክት ሁሉ ላይ አንዲት ቀጭን እሾህ የምትመስል መስመር ትኖራለች፣ የኛው አየር ናት። ማንም አይፈልጋትም። ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የሚደረገው እሷን ቆርጦ መጣል ነው። እኔም ቆርጬ ጥያታለሁ፣ ከነመፈጠሯም ረስቻታለሁ።

ግን አየሩ ከኛ ጋር ነው የሚሄደው። ማሽኑ በየዕለቱ ሩጫችንን በትክክል ከቀነሰ፣ የደመናው መስመር ባለበት ሲረጋ የአየሩ እሾህ ከቀን ወደ ቀን ቦታዋን መቀየር አለባት። ማሽኑ የድሮውን ቁጥር ታቅፎ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ እሾህዋ ከነፋሱ በፊትም በኋላም ያው ቦታዋ ላይ ተገትራ ትገኛለች። መዝገብም ምስክርም አያስፈልግም። እሾህዋ ከተንቀሳቀሰች ድኛለሁ፣ ካልተንቀሳቀሰች ጉዴ ፈልቷል።

"ገና ያልተነካው መረጃ አለሽ?" አለች አማካሪዬ።

"አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ውስጥ።"

ማከማቻውን ወደ አዲስ ማሽን እያዛወሩት ነበር! የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው፣ ረጋ ያለ ሰውዬ፣ "ሰኞ ይከፈታል" አለኝ። "ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ!" ስለው "ያ" አለኝ፣ ሐሙስ መሆኑን እያረጋገጠልኝ። ለምኜው ነበር፣ ተቆጥቼውም ነበር። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ኖርዌጂያን ሰኞ ካለ ሰኞ ነው።

ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ሰኞ እሾህዋ ካልተንቀሳቀሰች ለኮሚቴው ደውዬ ዲስፑታሱን አሰርዛለሁ። የሌለ ፍሰት አለ ብዬ ሰው ፊት አልቆምም። እስከዚያው ግን ቅዳሜና እሁድ አሉ።

ቅዳሜ እናቴ ወደ ኦከርን ሰፈር ሱቆች ይዛኝ ሄደች፤ የወረቀት ሳህን፣ ሹካ፣ ናፕኪን። በየሱቁ እየተጎተትኩ "ይኼ ሁሉ ለምንድነው?" እላታለሁ፣ "ሰው ይመጣላ!" ትለኛለች። ትልቅ የምግብ ማሞቂያ ድስት ስታነሳ፣ "እማዬ፣ እስቲ ሰኞን ጠብቂ" አልኳት። ድስቱን አገላብጣ አየችና ሰኞን ሳትጠብቅ ገዛችው። እሁድ ደግሞ ቅዳሴ ሲያልቅ አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ "ሥራሽን ይባርክልሽ፣ እኔም ዓርብ እመጣለሁ" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ‹አባቴ፣ ለአንዲት እሾህ ይጸልዩልኝ› ልላቸው ዳዳኝና አፈርኩ።

ሰኞ ማከማቻው ተከፈተ። መጀመሪያ የምዕራቡን አወጣሁ። እሾህዋ አለች፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፤ ቦታዋን ያዝኩ። ከዚያ ምሥራቁን ከፈትኩና የኮምፒውተሩን ስክሪን በእጄ ሸፈንኩት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ትልቅ ሴትዮ፣ በእጇ ስክሪን ሸፍና። ጣቶቼን አንድ በአንድ አነሳሁ።

የድሮው ቦታዋ ላይ የለችም። ሄዳለች። ወደ ግራ ሸሽታ፣ ምድር በነዚያ ቀናት በቀየረችው ፍጥነት ልክ ርቃ ቆማለች። ማሽኑ አልተኛም። ከነፋሱ በኋላም የኛን ሩጫ አስልቶ ቀንሷል። ስለዚህ ስፌቱ ላይ የማየው መፍጠን የኛ አይደለም፣ የጋዙ ነው። ደመናዬ ውስጥ ጋዙ እውነትም እየፈሰሰ ነው፣ ጨቅላዎቹም እየተመገቡ ነው!

እልልልል! ኮሪደሩ በሙሉ ሰማኝ። የሰሜኑ ልጅ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። አንገቱን አቀፍኩት፤ ደርቆ ቀረ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልለመደም። አማካሪዬ ሹራቧን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ስክሪኑን አየች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገች "ያ" አለች። ከሷ ይህ ዕልልታ ነው። የተንጠለጠለብኝ ነገር ሁሉ ከትከሻዬ ሲወርድ ይታወቀኝ ነበር፤ ያን ቀን ምሳ ሁለቴ በላሁ።

እናቴ ሥራ ላይ ደወልኩላት። "እማዬ፣ ደህና ነው! ሁሉ ነገር ደህና ነው!" ስላት ከኋላዋ የሳህን ኳኳታ ይሰማል። "እሺ የኔ ልጅ፣ ድስት ላይ ነኝ" ብላ ዘጋችው። ማታም አልጠየቀችኝ፣ በማግስቱም። ቀሚሱን ጨርሳ ሰቀለችልኝ። የገባት መሰለኝ።

ዓርብ አዳራሹ ግማሹ ነጭ ሆነ። ከፉሩሴት፣ ከትቬይታ፣ ከየቦታው ነጠላውን ለብሶ፣ የአይስክሬም እቃውን በከረጢት ተሸክሞ በቲባነ የመጣው ሕዝብ የፊት ወንበሮችን ጭምር ያዘ። ፕሮፌሰሮቹ ወደ ኋላ ተገፉ። አባም መጥተዋል። የመጀመሪያው ተቃዋሚ ብዙም ሳይቆይ ካርታዬን ገልጦ፣ "ይህ መፍጠን ስፌቱ ላይ መሆኑ አያሳስብሽም?" አለ። ኧረ ጠይቀኝ! እሾህዋን አሳየሁት፣ በፊትና በኋላ። ረጅም ጊዜ አየና መነጽሩን አውልቆ ፈገግ አለ። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ የሰሜኑ ልጅ ያን ቀን ባያስለቅሰኝ ይህን መልስ ከየት አመጣው ነበር?

እረፍት ሆነ። ውሃ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ እናቴ ከሥነ ሥርዓቱ መሪ አጠገብ ቆማ በእጇ ስታስረዳው አየሁ። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የምትጠይቀው መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ተቃዋሚ ሲጨርስ መሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። "ከአዳራሹ አንድ ተቃዋሚ አለን" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ተያየ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

በስመ አብ! መሪው፣ "ተቃዋሚዋ በአማርኛ መናገር ይፈልጋሉ። አስተርጓሚ ያስፈልገናል" ሲል አዳራሹ ሙሉ ወደኔ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ፤ የራሴን ተቃዋሚ፣ ለራሴ ፈተና።

"ልጄ" አለች እናቴ፣ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "እኔ ስለ ጋዙ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቀሚስሽን ስለካሽ ‹ጋዙ አይደለም የሚሄደው፣ እኛ ነን› ብለሽ አልቅሰሽ ነበር። ኋላ ደውለሽ ‹ደህና ነው› አልሽኝ። እኔ ሰው ጠርቼ፣ ድስት ገዝቼ፣ እንዳልዋረድ ፈርተሽ እንደሆነስ? ለኔ ብለሽ ዝም ብለሽ እንደሆነ አሁን ተናገሪ። ምግቡን ይዘን እንመለሳለን፣ ማንም አይቀየምሽም። እውነቱ የቱ ነው? የሚሄደው ጋዙ ነው ወይስ እኛ?"

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚያውቀው ግማሹ ሰው ሰምቷል። ሌላው ግማሽ እኔን ይጠብቃል። ትርጉሙን ማሳጠር እችል ነበር፤ "እናቴ ስለ ምድር እንቅስቃሴ እየጠየቀች ነው" ብል ማን ያውቅብኛል? የለመድኩት ሙያ ነው። ግን ያቺ ሴት ያን ሁሉ ቀን ይህን ጥያቄ ሆዷ ውስጥ ይዛ ሽሮ ስታማስል፣ ምናልባት ልጄ ለኔ ብላ ትዋሻለች ብላ ስትሰጋ፣ እኔ ገብቷታል ብዬ ተኝቼ ነበር። አንድ ቃል ሳላስቀር አስተረጎምኩ። ማልቀሴንም፣ ድስቱንም፣ ምግቡን ይዞ መመለሱንም። አማካሪዬ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

መጀመሪያ የመለስኩት በአማርኛ ነው። "እውነት ነው፣ እማዬ። ለአንቺ ብዬ አይደለም። እኛም እንሄዳለን፣ ግን የኛን ቀንሰነዋል፣ እንደተቀነሰም የኛው አየር መስክሯል። የቀረው የጋዙ ነው። የሚሄደው ጋዙ ነው።" ከዚያ ለነሱ በቋንቋቸው ደገምኩት።

እናቴ ትንሽ አየችኝ። አስተያየቷ ልጅ ሳለሁ አስተማሪዬ ያለችውን አሳጥሬ ስነግራት እንደምታየኝ ነበር፤ ለካ ሁሉንም ታውቀው ኖሯል። ፊቷ ቀስ ብሎ ተፈታ። "ተመስገን" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች።

መሪው ግራ ገባው። "ተቃዋሚዋ በመልሱ ረክተዋል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ጠየቅኳት። በሩን ይዛ ዞር ብላ መለሰችልኝ፣ እሱንም አንድ ቃል ሳላስቀር አስተረጎምኩት።

"ተጨማሪ ጥያቄ የላቸውም" አልኩ። "ሽሮውን ሊያሞቁ እየሄዱ ነው።"